ቀለሙ አለ፣ ልኩ የለም

«ይቅርታ እህት፣ በዚህ ከለር ያንቺ ሳይዝ አልቋል።»

ይህቺን አረፍተ ነገር ያልሰማ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ቦሌ ያለ ቡቲክ ይሁን፣ ቴሌግራም ላይ የተከፈተ ሱቅ ይሁን፣ አሜሪካ ያለችው አክስታችን «ምረጡ» ብላ የላከችልን የኦንላይን ገጽ ይሁን፣ መልሱ አንድ ነው። ጥቁሩ አለ፣ ግን በስሞል ብቻ። በላርጅም አለ፣ ግን ያ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ብርቱካናማ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እናውቀዋለን። ወንዱ «እሺ በቃ» ብሎ ሌላ ይፈልጋል። ሴቷ ግን ወደ መስታወቱ ትዞርና «ትንሽ ብቀንስ ኖሮ...» ትላለች። የጎደለው መደርደሪያው ላይ ሆኖ ሳለ ተከሳሹ ገላዋ ይሆናል።

የዛሬው ጽሑፌ ለዚህች ገላ ጥብቅና የቆመ ነው። «ሳይዝ» የምንለው ነገር ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። ሰዎች የሠሩት፣ ታሪክ ያለው ነገር ነው። ታሪኩ ውስጥ ወታደር አለበት፣ ፖስታ ቤት አለበት፣ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በጣት የተሳለ መስመር አለበት፣ መጨረሻ ላይም ሐዋሳ ድረስ ይመጣል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከልብስ ሰፊው እስከ ወታደሩ

ለአብዛኛው የሰው ልጅ ዘመን ልብስ ልክ እንጂ ሳይዝ አልነበረውም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ትከሻሽን፣ ወገብሽንና ቁመትሽን ይለካል፤ ለአንቺ ብቻ ይሰፋል። የኛ ነጠላና ጋቢማ ከነጭራሹ ልክ አይጠይቁም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም ይደርባቸዋል። በዚያ ዓለም «ያልተሸጠ ሳይዝ» የሚባል ጣጣ የለም። ደንበኛው ሳይመጣ ልብሱ አይሰፋማ!

ጣጣው የጀመረው ልብሱ ከሰውየው ቀድሞ መሰፋት ሲጀምር ነው። እዚህ ላይ አንድ ቤልጂየማዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ እናገኛለን፤ አዶልፍ ኬትሌ። ኬትሌ በ1846 ባሳተመው ሥራ የ5,738 ስኮትላንዳውያን ወታደሮችን የደረት ልክ ሲደረድር አንድ ነገር ታየው። አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ይከማቻል፤ ወደ ቀጭኑም ወደ ሰፊውም ጫፍ ሲኬድ ቁጥሩ እየሳሳ ይሄዳል። ቢሳል ጉብታ ይመስላል። ኬትሌ ልብስ ሊሸጥ አልፈለገም፤ «አማካይ ሰው» የሚለውን ሐሳቡን ሊያስረዳ ነበር። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ያለ የልብስ ነጋዴ ሁሉ፣ ስሙን ባይሰማም፣ በዚያ ጉብታ ይገዛል፤ ከመሐሉ ብዙ፣ ከጫፎቹ ጥቂት።

ጉብታው ወደ ፋብሪካ የገባው በጦርነት ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ወታደር በአንድ ጊዜ ዩኒፎርም አስፈለገው። እያንዳንዱን ወታደር ለክቶ መስፋት አይታሰብም። ስለዚህ ዩኒፎርሙ በጥቂት ቁጥሮች ተከፍሎ በጅምላ ተሰፋ። ፊላዴልፊያ በሚገኘው የስኩልኪል አርሰናል ተቆርጦ የሚወጣውን ጨርቅ ቤታቸው ወስደው በፍሬ ሒሳብ የሚሰፉት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ነበሩ። እነዚህን ሴቶች አትርሷቸው፤ መጨረሻ ላይ እህቶቻቸውን እናገኛለን። ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በ1863፣ ኤቤኔዘር በተሪክ የተባለ የማሳቹሴትስ ልብስ ሰፊ በየሳይዙ የተዘጋጀ የወረቀት ንድፍ መሸጥ ጀመረ። ሳይዝ ከጦር ሠፈር ወጥቶ ወደ ሰው ቤት ገባ ማለት ነው።

በፖስታ የሚመጣ ቀሚስ

ኦንላይን ግብይት የኛ ዘመን ፈጠራ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ ቺካጎ ላይ ሆኖ የመጀመሪያውን የዕቃ ዝርዝር ለገበሬዎች በፖስታ የላከው በ1872 ነው። ጥቂት ቆይቶ ሲርስ ተከተለው። በትልቁ ካታሎግ ውስጥ ከማረሻ እስከ ኮርሴት ሁሉም ነበር። ገዢዋ ሥዕሉን ታያለች፣ ትመርጣለች፣ ገንዘቡን ትልካለች፣ ትጠብቃለች። ኢንተርኔቱ ብቻ ነው የጎደለው።

ችግሩም ያው የዛሬው ነው። ልብሱን ሳትለኪው ትገዢዋለሽ። ካታሎጎቹ ሰው ራሱን እንዴት በሜትር እንደሚለካ መመሪያ እያተሙ ይለምኑ ነበር። ለሴቶች ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ግራ ያጋባል። 14 ወይም 16 የሚለው ቁጥር ሲጀመር የልጃገረዷን ዕድሜ የሚያመለክት ነበር። የ14 ዓመት ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ገላ ያላት ይመስል! በዚህ ላይ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን 14 ይሰፋል። ውጤቱን መገመት አይከብድም፤ ቀሚሱ ይሄዳል፣ ቀሚሱ ይመለሳል። የፖስታው ወጪ፣ የማሸጊያው ወጪ፣ ተመልሶ የመጣውን እንደገና አጥፎ መደርደሪያ ላይ የማስቀመጡ ወጪ የነጋዴው ነው። በመጨረሻ ግን ዋጋው ላይ ይደመርና የሁላችንም ይሆናል።

59 ጊዜ የተለካች ሴት

መፍትሔው ከመንግሥት መጣ። በ1939ና በ1940 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሩት ኦብራየንና ዊልያም ሼልተን በመሩት ጥናት ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ። ከእያንዳንዷ ሴት 59 ልኬቶች ተወሰዱ፤ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ አንጓ... ውጤቱ በ1941 ታተመ። በሳይንስ ዓይን ሲታይ ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ስፋት የሴቶችን ገላ በቁጥር የመዘገበ አልነበረም።

ጋዜጠኝነት ስንማር «ዜናው ውስጥ የሌለውን ሰው ፈልጉ» ይሉን ነበር። በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለችው ጥቁር ሴት ናት። የጥናቱ ሒሳብ የተሠራው በነጭ ሴቶች ልክ ብቻ ነው። ከቡድን ጋር አብራ የመጣች ነጭ ያልሆነች ሴት ብትለካ እንኳ ቁጥሯ ተነጥሎ ይጣላል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም ይሆናል። ሜትሩ ወገቧ ላይ ዞረ፣ ቁጥሩ ተጻፈ፣ ከዚያ ወረቀቱ አልተደመረም። አለቀ።

ይህ መረጃ ሜዳ ላይ አልቀረም። የፖስታ ነጋዴዎች ማኅበር የሚመለስ ልብስ አስመርሮት ለመንግሥት የደረጃዎች ቢሮ አቤት አለ። ቢሮው የ1941ዱን ጥናት መሠረት አድርጎ፣ የሠራዊቱን ሴቶች ልክ ጨምሮ፣ በ1958 አንድ ደረጃ አወጣ። ደረጃው ከ8 እስከ 38 ባሉ ሙሉ ቁጥሮች ይጀምራል። በቁመት ረጅም፣ መካከለኛ፣ አጭር ተብሎ ፊደል ይጨመርበታል። በዳሌ ደግሞ ጠባብ ከሆነ የመቀነስ፣ ሰፊ ከሆነ የመደመር ምልክት ይደረግበታል። እስቲ እናባዛው፤ 16 ቁጥር በ3 ቁመት በ3 ዳሌ፤ ወረቀት ላይ 144 ይደርሳል። ለአንድ ቀሚስ ነው ይሄ፣ ለአንድ ቀለም። ለገላ ታማኝ በሆንሽ ቁጥር መጋዘኑ ይሰፋል። የትኛው ነጋዴ ነው ይህን ሁሉ የሚያከማቸው?

ደረጃው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ነጋዴዎቹ ቀስ በቀስ ተዉት። በ1983 ጭራሽ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ የሽያጭ ማባበያ ሆነ። በ1958ቱ ደረጃ 8 ቁጥር የሚባለው ቀሚስ ደረቱ 31 ኢንች ነበር፤ ዛሬ በአሜሪካ 8 ቁጥር የሚባለው ከዚያ እጅግ ይሰፋል። ገዢዋ «ቀንሻለሁ» ብላ እንድትደሰት ቁጥሩ ራሱ ቀነሰላት!

አሸዋ ላይ የተሳለ መስመር

ሳይዙ ተፈጠረ እንበል። ቀጣዩ ጥያቄ «የትኛው ሳይዝ በየትኛው ቀለም ስንት ቀረ?» የሚለው ነው። ስድስት ቀለምና ሰባት ሳይዝ ያለው አንድ ሸሚዝ 42 የተለያየ ዕቃ ነው። ሃያ ዓይነት ሸሚዝ ካለሽ 840። ይህን በደብተር የሚይዝ ሱቅ ወይ ሌሊት አይተኛም፣ ወይ ይዋሻል።

በ1949 ኖርማን ውድላንድ የተባለ ወጣት ማያሚ ባሕር ዳርቻ ላይ ተቀምጦ በሞርስ ኮድ ነጥብና ሰረዝ ነገር ይብሰለሰላል። ጣቶቹን አሸዋው ላይ ጎተታቸው፤ ነጥብና ሰረዞቹ ወደ ወፍራምና ቀጭን መስመሮች ረዘሙ። የባርኮድ ሐሳብ እንዲህ ተወለደ። ከጓደኛው ከበርናርድ ሲልቨር ጋር በ1952 የፈጠራ መብቱን አገኙ። ዓለም ግን እስኪደርስበት ሁለት አሥርት ዓመታት ፈጀ። ጁን 26 ቀን 1974 ትሮይ በምትባል የኦሃዮ ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የመጀመሪያው ዕቃ «ቲጥ» አለ፤ የሪግሊ ማስቲካ ነበር።

ማስቲካ ቀላል ነው፤ ሁሉም አንድ ነው። ልብስ ግን እያንዳንዱ ቀለምና ሳይዝ የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ያ ሲሆን በ1980ዎቹ የአሜሪካ ልብስ ሠሪዎች ራሳቸውን ማየት ጀመሩ፤ ያዩትም ደስ አይልም። አንድ ጥናት ከጥሬ ዕቃው ተነስቶ ልብሱ ገዢው እጅ እስኪደርስ 66 ሳምንት እንደሚፈጅ አሳየ። አብዛኛው ጊዜ የሥራ አልነበረም፤ መጋዘን ውስጥና መንገድ ላይ የመቀመጥ እንጂ። በሚቀጥለው ዓመት የሚለበሰውን ቀለም ከአንድ ዓመት በፊት መገመት ማለት ነው። ይሄ ንግድ ሳይሆን ጥንቆላ ነው።

ጣሊያኖቹ ቤኔቶኖች ለጥንቆላው ብልሃት አገኙለት። በ1965 የተመሠረተው የቤተሰብ ድርጅታቸው ክሩን ቀለም ነክሮ ሹራብ ከመሥራት ይልቅ ሹራቡን ቀለም ሳይነካው ሠርቶ ማስቀመጥ ያዘ። ገበያው «ዘንድሮ ቀይ» ሲል ያኔ ቀይ ይነከራል። ቀለሙን መጨረሻ ላይ ወሰኑ ማለት ነው። ሳይዝ ግን እንዲህ አይታለፍም። ስሞል ሆኖ የተሰፋን ነገር ነክረሽ ላርጅ አታደርጊውም።

ሞኝና ወረቀት

በ1999 ኒክ ስዊንመርን የተባለ ወጣት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ቡናማ ጫማ ፍለጋ ይዞራል። አንዱ ሱቅ ሞዴሉ አለ፣ ቀለሙ የለም። ሌላው ቀለሙ አለ፣ ቁጥሩ የለም። የኛን ስቃይ ቀመሰ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እሱ ወደ ቤቱ ሄዶ የኦንላይን ጫማ መሸጫ ከፈተ። ኋላ ዛፖስ የተባለው ነው።

መጀመሪያ ላይ ዛፖስ ዕቃ አያከማችም ነበር። ደንበኛው ሲያዝ ትዕዛዙን ለጫማ አምራቹ ያስተላልፋል፣ አምራቹ በቀጥታ ይልካል። ያለ መጋዘን ንግድ፤ ማን ይጠላል? ግን አምራቾቹ የሚልኩት የዕቃ መረጃ ቢበዛ 95 በመቶ ነበር ትክክል። ከ20 ትዕዛዝ አንዱ «አለ» ተብሎ ገንዘብ ከተከፈለበት በኋላ የለም። አበው ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ይሄንን ነው። ኮምፒውተሩ «አንድ ቀርቷል» ብሎ ከያዘ፣ ያቺ አንዷ ተሰርቃም ይሁን ሌላ ካርቶን ውስጥ ገብታ፣ እሱ አይለቃትም። እያንዳንዱ ሳይዝ አንድና ሁለት ፍሬ ብቻ በሚቀርበት የልብስ ንግድ ደግሞ የአንዲት ፍሬ ስህተት አንዲት የተናደደች ደንበኛ ናት። ዛፖስ በ2003 ያንን አሠራር፣ የሽያጩ ሩብ የሚያህል ገንዘብ ያመጣለት የነበረ ቢሆንም፣ ጨርሶ ተወው። ኬንታኪ ያለ መጋዘኑ ውስጥ የገባች እያንዳንዷ ጥንድ ጫማ የራሷ መለያ ቁጥር ተሰጣት። በ2009 አማዞን ኩባንያውን ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው።

የዛራ ባለቤት ኢንዲቴክስ ደግሞ በ2014 በእያንዳንዱ ልብስ ላይ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ መለያ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ያኔ ሠራተኞች አንድ በአንድ ባርኮድ እያነበቡ ያድሩበት የነበረው ቆጠራ መሣሪያ ይዞ በመደርደሪያው አጠገብ ማለፍ ሆነ።

የደርዘኑ ሒሳብ

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። አንዲት የቴሌግራም ነጋዴ አንድ ደርዘን ቀሚስ አመጣች እንበል፤ 2 ስሞል፣ 4 ሚዲየም፣ 4 ላርጅ፣ 2 ኤክስ ላርጅ። የኬትሌ ጉብታ! አንዱን በ500 ብር ገዝታ በ800 ትሸጣለች። ያወጣችው 6,000 ነው። ሚዲየምና ላርጁ በሳምንት አለቀ፤ 6,400 ብር ገባ። ትርፏ 400 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 3,200 ብር የት አለ? መስቀያው ላይ፤ በ2 ስሞልና በ2 ኤክስ ላርጅ መልክ ተንጠልጥሏል። ይህ ነው የልብስ ንግድ ምስጢር፤ ትርፉ ያለው ባልተሸጡት ጫፎች ላይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞዋ ምን ታደርጋለች? ጫፎቹን ትተዋለች። በጥላቻ ሳይሆን በሒሳብ።

ነገር ግን ሒሳቡ ራሱ ቀዳዳ አለው። ደብተሩ የሚመዘግበው የተሸጠውን ነው። «ኤክስ ኤክስ ላርጅ አለ?» ብላ ጠይቃ «የለም» ተብላ የሄደችውን አይመዘግብም። እሷ ስላልገዛች ፈላጊ የለም ይባላል፤ ፈላጊ የለም ስለተባለ አይመጣም፤ ስላልመጣ አትገዛም። በ1939 ወረቀቷ ያልተደመረላት ሴትና ዛሬ ጥያቄዋ ያልተጻፈላት ደንበኛ አንድ ናቸው። ቁጥር ውስጥ ያልገባ ሰው ገበያ ላይም የለም።

በሌላው ጫፍ ያለው ስህተት ደግሞ እሳት ነው፤ የምሬን ነው። በ2018 ኤችኤንድኤም 4.3 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ያልተሸጠ ልብስ እንደተከመረበት ታወቀ። በዚያው ዓመት በርበሪ በአንድ የበጀት ዓመት 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃውን እንዳጠፋ ተሰማ፤ ስሙ እንዳይረክስ ነው አሉ። ጩኸቱ ሲበዛ ማቃጠሉን እንደሚያቆም ቃል ገባ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች ያልተሸጠ ልብስና ጫማ እንዳያጠፉ ከጁላይ 2026 ጀምሮ የሚጸና ክልከላ ደንግጓል።

ሐዋሳ ላይ

ያ ሁሉ ልብስ በአንድ ሰው እጅ ተሰፍቷል። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነውን ፒቪኤችን ይዞ ሲጀምር፣ መኪናው ላይ የተቀመጡት ባብዛኛው ከአካባቢው ገጠር የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ጥናት መነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል። ስንት ሚዲየም፣ ስንት ላርጅ እንደሚሰፋ የሚወስነው ባሕር ማዶ ያለ ሠንጠረዥ ነው። እሷ አንገትጌው ላይ መለያውን ትሰፋለች። በኖቬምበር 2021 ፒቪኤች ሐዋሳን እንደሚለቅ አስታወቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ዕድል ወጣች። ከፊላዴልፊያዎቹ ሰፊ ሴቶች እስከ ሐዋሳ ልጆች ሠንጠረዡን አንዳቸውም አልጻፉትም፤ መዘዙ ግን ቀድሞ የደረሰው እነሱ ጋ ነው።

ሠንጠረዡን የሚጽፍ ሰው እኛም ውስጥ አለ፤ ስልኳ ላይ ሱቅ የከፈተችው እህታችን። ከዱባይ፣ ከቱርክ፣ ከቻይና የምታመጣው ልብስ ላይ ያለው ፊደል የሌላ አገር ሰው ገላ ነው፤ የቻይናው ኤክስ ላርጅ እኛ ጋ ሚዲየም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ የሰው ሳይዝም ልክ አይሆንም። ስለዚህ እህቴ፣ ከፊደሉ ጎን የደረቱን፣ የወገቡንና የዳሌውን ስፋት በሴንቲሜትር ጻፊልን። አንዲት ፍሬ ስትሸጪ ወዲያው ከዝርዝሩ አውጪያት። ከሁሉም በላይ ደግሞ «የለም» ያልሻቸውን ሰዎች ሳይዝና ቀለም አንድ ገጽ ላይ መዝግቢ። ሦስት ወር ሳይሞላ የራስሽ ጉብታ ይወጣል፤ የስኮትላንድ ወታደሮች ሳይሆን የአዲስ አበባ ሴቶች።

አንቺ ገዢዋ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ሳይዝሽ የለም» ስትባይ ወደ መስታወቱ አትዙሪ። «የምፈልገው ቀለም ይሄ ነው፣ ልኬ ይሄ ነው፣ ጻፊልኝ» በያት። እስክትጽፈው ድረስ ቁሚ።

ቸር ይግጠመን!